አርባ ሺህ «ይማርሽ»

ሰው ማንም ሳይጠይቀው ሲቀር ምን ያስባል?

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣባት ሩሐማ አታውቅም። አንድ ማለዳ ስትነቃ አጠገቧ ተኝቶ አገኘችው። ፊቷን ስትታጠብ ተከተላት፤ በገመድ ላይ በሚንሸራተተው ባቡር ሐይቁን ስታቋርጥም አብሯት ተሳፈረ። ከታች ጉም ነበር። ጉሙ ውስጥ የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ መብራት፣ ልናስታውሰው ስንል እንደሚያመልጠን ስም፣ ብልጭ ይልና ይጠፋል። መልስ አልነበራትም። የሚገርመው ደግሞ እንጀራዋ ሰው የሚያስበውን ማወቅ መሆኑ ነው።

የምትሠራበት የሕዝብ ሐሳብ ቤት፣ የሐይቆች ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሆነችው በአዲስ ወደብ፣ ከረጅሙ ሕንፃ ጫፍ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ደመና በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሠራተኞቹም እስኪያልፍ ድረስ እንደ ሽማግሌ መንገድ ይለቁለታል። አዳራሹ መሐል ሰፊ ገንዳ አለ። በገንዳው ውኃ ውስጥ አርባ ሺህ የብርሃን ነጥቦች ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጥላ ነው።

ጥላ ማለት የአንድ መራጭ የሐሳብ ግልባጭ ነው፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ከተናገረው፣ ከገዛው፣ ከሣቀበትና ካኮረፈበት ነገር ተጠራቅሞ የሚሠራ፣ ሲጠይቁት በባለቤቱ ድምፅና ጠባይ የሚመልስ። የምረጡኝ ዘመቻ በመጣ ቁጥር የሚጠየቁት ጥላዎቹ ናቸው። ሰዎቹ ራሳቸው ከተጠየቁ አንድ ትውልድ አልፏል። ሕጉም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ሦስት ተከታታይ ጥናቶች አንድን ዕጩ በሰፊ ልዩነት ካስቀደሙት ሕዝቡ ድምፅ ለመስጠት አይጠራም። ዕጩው ጸደቀ ይባላል፤ ርችት ይተኮሳል፤ ሕዝቡ ወደ ሥራው ይሄዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች ዕጩው ዶክተር መክብብ መርተዋል። የቀረው ሦስተኛው ነው።

ጠያቂው ድምፅ የሩሐማ ነበር። በልጅነቷ ወደ ቀለበት፣ ማለትም ምድርን ወደሚዞረው የጠፈር ከተማ፣ ለትምህርት ተልካ እዚያው ስላደገች አማርኛዋ የየትኛውም አገር ሰው አማርኛ አይመስልም። «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ማንንም ወደ አንድ ወገን አይገፋም» ብለው የቀጠሯት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሽብሩ ናቸው። ሦስቱም ጥናቶች በአንድ ድምፅ መጠየቅ አለባቸው። የተቀዳ ነገር ሁሉ ደግሞ ከውጤቱ ጋር ዕጩውን ለሚያጸድቀው ጉባኤ ይላካል፤ ያለ ድምፁ ባለቤት ፈቃድ አንድም ቃል አይፋቅም። ለጥንቃቄ የወጣ ደንብ ነው። ማንም አስታውሶት አያውቅም።

ሩሐማን ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። ዶክተር መክብብ የሐይቁን ውኃ ከፍ አድርገው ለከተማው ኃይል ሊያመነጩ ነው። ውኃው ከፍ ሲል መጀመሪያ የምትሰምጠው የቆሪ ደሴት ናት። በቆሪ ደግሞ አክስቷ እትዬ ዘነበች ትኖራለች፤ ወደ ሰማይ ከመላኳ በፊት ያሳደገቻት፣ በምድር ላይ የቀረቻት ብቸኛ ዘመዷ። ከገንዳው ዳር ላይ ያሉት ጥቂት ነጥቦች፣ የቆሪ ጥላዎች፣ በሁለቱም ጥናት ቢጫ በርተዋል። ቢጫ የመክብብ ቀለም ነው።

ቤቱ እንዲሰምጥበት የሚመርጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ዛሬም ፊትሽ ጥያቄ ይመስላል» አለ ገረመው። ገረመው የገንዳው ቴክኒሽያን ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሎ ውኃው ዳር እንደ ልብስ አጣቢ ይንበረከካል።

«ብርድ ነው። ትናንት ዝናብ መታኝ።»

«እዚያ ላይ ዝናብ የለም አይደል? ለነገሩ ለምን ይኖራል፤ ከዝናቡ በላይ ሆናችሁ! በይ ተነሺ፣ አገሩ እየጠበቀሽ ነው።»

ሩሐማ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። አዳራሹ ጸጥ አለ። አርባ ሺው ጥላዎች ከእንቅልፍ እንደሚነቁ ሕፃናት ውኃው ውስጥ ተንቀሳቀሱ።

«የተከበሩ መራጭ» አለች፤ «ምርጫው ዛሬ ቢሆን፣ ከዶክተር መክብብና ከወይዘሮ አያንቱ ማንን ይ...»

አስነጠሳት።

መያዝ አልቻለችም። ንጥሻዋ በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ዞረና ወደ ማይክሮፎኑ ገባ፤ ከማይክሮፎኑም ወደ ገንዳው።

ነጥቦቹ ቀለም አላወጡም። ሁሉም ነጭ ሆኑ። ከዚያ ከድምፅ ማጉያዎቹ አንድ ድምፅ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፍ የክረምት ዝናብ። ወንድ፣ ሴት፣ አዛውንት፣ የገጠር ሰው፣ የከተማ ሰው።

«ይማርሽ። ይማርሽ። ይማርሽ። ይማርሽ።»

ዝናቡ አባራ። ገንዳው ነጭ እንደሆነ ቆመ።

«ተበላሸ?» አለች ሩሐማ በሹክሹክታ።

ገረመው ሣቁን ለማፈን አፉን በእርጥብ እጁ ይዟል። «ምን ይበላሻል! መልስ እየጠበቁ ነው።»

«ምን ብዬ ልመልስ?»

«አንቺ ሴት፣ ሰማይ ቤት ምንድን ነው ያስተማሩሽ? አርባ ሺህ ሰው መርቆሽ ዝም ትያለሽ? ያኑራችሁ በዪ እንጂ!»

ሩሐማ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። አፍንጫዋ ታፍኗል፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። ወይም ገና ዛሬ የራሷ መሰላት።

«ያኑራችሁ» አለች።

ያን ጊዜ ገንዳው በራ፤ ሰማያዊው ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ሲስፋፋ ቢጫው እንደ ጧት ጉም ሳሳ። ሰማያዊ የወይዘሮ አያንቱ ቀለም ነው። የቆሪ ነጥቦች አንድም ሳይቀር ሰማያዊ ነበሩ።

ሩሐማ ተንበረክካ ጣቷን በአክስቷ ነጥብ ላይ አሳረፈች። እንዲህ ሲደረግ ጥላው ለብቻው ይናገራል።

«ውይ ልጄን! ብርድ መታሽ?» አለ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከውኃው ውስጥ። «ነጭ ሽንኩርት ቀቅለሽ ጠጪበት።»

«እሺ። እትዬ፣ ባለፈው መክብብን ብለሽ አልነበር?»

«ያን ጊዜማ የመንግሥት ሰው መስለሽኝ ነዋ! ደጄ ድረስ የመጣን እንግዳ እንዴት ብዬ አሳፍሬ እመልሳለሁ? ደስ የሚለውን ሰጠሁት፣ ሄደ። አሁን ግን ልጄ ነሽ፤ አሞሻል። ለታመመ አይዋሽም። አያንቱን በዪ።»

ሩሐማ ጣቷን አነሣች። ገረመው አሁን አይሥቅም።

አቶ ሽብሩ ከቢሮአቸው ወጥተው ገንዳውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ። ዘንካታ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ንጥሻ ጥናት አይደለም» አሉ። «ትኩስ ነገር ጠጪና እንደገና ጠይቂ።»

ሩሐማ ትኩስ ነገር ጠጣች፤ ጉሮሮዋን አጠራች፤ በዚያ ከየትም ባልሆነው ድምፅዋ እንደገና ጠየቀች። ገንዳው ቢጫ ሆነ። ልክ እንደ በፊቱ።

«ይኸው» አሉ አቶ ሽብሩ። «ያችን የመጀመሪያዋን እንድንፍቅ ነገ ስትመጪ ፈቃድሽን ትሰጪኛለሽ።»

«አቶ ሽብሩ፣ እኛን ደስ ለማሰኘት ነው ቢጫ የሚሆኑት።»

«ሰማያዊ የሆኑትስ ማንን ደስ ለማሰኘት ነው?»

ሩሐማ ወደ ቆሪ ነጥቦች ተመለከተች። ስለ ቆሪ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር፤ ግን ጥላዎቹ ድምፅ ያነብባሉ። በታፈነ አፍንጫ የሚናገር፣ ከልቡ የፈራ ድምፅ ምን መስማት እንደሚፈልግ ማወቅ ለእነሱ ምን ይከብዳል? ይሉኝታ ከሆነ የተማሩት ለባለሥልጣኑም ይሉኝታ ነው፤ ለታመመችም ይሉኝታ ነው። ገንዳው ውስጥ ምናልባት አርባ ሺህ ሐሳብ ሳይሆን አርባ ሺህ ትሕትና ነው የሚንሳፈፈው።

በማግሥቱ ማለዳ ሰውን ራሱን ልትጠይቅ ሄደች።

የቆሪ ጀልባ ነጂ የለውም፤ መንገዱን ራሱ ያውቃል። ውኃው ብርጭቆ ይመስል ነበር፤ ጀልባው የሚሄድ ሳይሆን ደሴቱ የሚመጣ እስኪመስል። እትዬ ዘነበች ከደጇ ተቀምጣ የደረቀ እምቦጭ ትገምዳለች። ሐይቁን የሚወርረውን ያን አረም ቆሪዎች ምንጣፍ ይሠሩበታል። ቤቷ ከኮረብታው ላይ ነው፤ ከወደቡ እስከ ደጃፏ ያለው የድንጋይ ደረጃ ሩሐማን እንኳ አስቃስቷታል።

«እሰይ! የሰማይዋ!» አለች አክስቷ ሳትነሣ። «ነይ ሳሚኝ። ጉልበቴ ነው እንጂ ተነሥቼ እቀበልሽ ነበር። ምነው ከሳሽ? አይመግቧችሁም?»

ዓሣ ቀረበ። ከበሉ በኋላ ሩሐማ ጠየቀች፤ በመሣሪያ ሳይሆን በአፏ።

«እትዬ፣ ድምፅ ስጪ ብትባዪ ማንን ትመርጫለሽ?»

«መክብብን» አለች እትዬ ዘነበች ቶሎ ብላ።

«ለምን?»

«የምትሠሪው እዚያ አይደል? እንጀራሽ ላይ አፈር ልነስንስ እንዴ?»

«እትዬ! እኔ የማንም ሰው አይደለሁም። እውነቱን ነው የምፈልገው።»

«እንደሱ ነው? እንግዲያው አያንቱን።»

«አሁን ደግሞ ምን አየሽ?»

«ፊትሽን አየሁዋ። መክብብ ስል ጠቆረ።» እትዬ ዘነበች እምቦጩን ጭኗ ላይ አሸችው። «ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው? ንገሪኝና ልበልልሽ። ለዚህ ብለሽ ሐይቅ አቋርጠሽ መጥተሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺም።»

ሩሐማ ሣቀች። ከዚያ ሣቋ ዐይኗ ውስጥ ውኃ ሆነ። «ማንም ባይጠይቅሽስ?» አለች።

አክስቷ ገመዱን አቆመች። ወደ ሐይቁ ተመለከተች፤ ከማዶ የአዲስ ወደብ ሕንፃዎች ከጉሙ በላይ ያለ መሠረት የቆሙ ይመስላሉ።

«ወጣት ሳለሁ አንድ ጊዜ መርጫለሁ» አለች በመጨረሻ። «እዚያች ጥድ ሥር ድንኳን ተተክሎ፣ መጋረጃ ነበረው። ገብቼ ቀረሁ። የምርጫ አስፈጻሚው ውጭ ሆኖ ይስላል፤ እህም፣ እህም! 'ሴትዮ፣ ተኛሽ እንዴ?' ይለኛል። ሕዝቡ በሣቅ ሞተ።»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምንም። ደስ ብሎኝ ነው። ማንም አያየኝም።»

«ማንን መረጥሽ ታዲያ?»

«ኧረ እንዴት ያለሽ ወሬ አነፍናፊ ነሽ!» እትዬ ዘነበች በእምቦጩ ትከሻዋን መታቻት። «አባትሽም ይጠይቀኝ ነበር። ሳልነግረው ሞተ።»

ሩሐማ ልትሄድ ስትነሣ አክስቷ እጇን ያዝ አደረገች። «ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መክብብ ለእኛ ማዶ ላይ እሠራለሁ የሚላቸው ቤቶች ደረጃ የላቸውም አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ የላቸውም።»

«እህ» አለች እትዬ ዘነበች። እምቦጩን መገመዷን ቀጠለች።

ወደ ሕንፃው ስትመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ገንዳው የምሽቱን ብርሃን ይዞ የሐይቁ ግልገል መስሏል። አቶ ሽብሩ ብቻቸውን አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«አልፈቅድም» አለች ሩሐማ።

«ሁለት መልስ ከላክን ሦስተኛው ጥናት አይጸናም፤ ሕዝቡ ይጠራል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም። አንቺ የዚያን ጊዜ አልነበርሽም።» ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር። «አባቴ በምርጫ ሰሞን ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ። ሬሳው ነው የተመለሰው። ጎረቤትየው ደግሞ ክርስትና ያነሣኝ ሰው ነበር። ይህን ገንዳ የሠራሁት ሰው ድምፅ ለመስጠት ሲል ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ነው። አንቺ አንድ ንጥሻ ይዘሽ...»

ሰውየው እውነታቸውን ነበር። ሩሐማ ይህንን መካድ አልቻለችም፤ ለዚያም ነው ከተቆጣ ሰው ጋር እንደሚነጋገሩት ያልተነጋገረችው።

«እርስዎ ይህን ለጥላዎቹ ነግረዋቸው ያውቃሉ?» አለች። «የራስዎ ጥላ እዚህ ውስጥ አለ። የአባትዎን ነገር ሲጠይቁት ምን ይላል?»

አቶ ሽብሩ ውኃውን ተመለከቱ። የትኛው ነጥብ የእሳቸው እንደሆነ በደንብ ያውቁታል።

«ደህና ነኝ ይላል» አሉ።

«አክስቴ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዋሸችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለምትወደኝ ነው። እኛ ሰው ፊት እውነት አንናገርም፤ ነውር ነው። ታዲያ ማንም ፊት የሌለበት ቦታ ያስፈልገናል። አንድ መጋረጃ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።»

ደመና በመስኮት ገባ፤ መንገድ ለቀቁለት።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ሥራ የለሽም» አሉ አቶ ሽብሩ በመጨረሻ። ከዚያ ሁለቱንም ውጤት፣ ንጥሻውን ጭምር፣ በራሳቸው እጅ ወደ ጉባኤው ላኩ።

ሕዝቡ ተጠራ። የመጀመሪያው ችግር የመጋረጃ ነበር። በመላው ሪፐብሊክ ድምፅ የሚሰጥበት መጋረጃ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያስታውስ ጠፋ። አንዳንዱ ጣቢያ የአልጋ ልብስ ሰቀለ፤ አንዳንዱ የጀልባ ሸራ። ገረመው ሙያውን ትቶ ሰሞኑን መጋረጃ ሰፊ ሆኖ ነበር፤ «የአርባ ሺህ ሰው ቀሚስ እየሰፋሁ ነው» እያለ ይቀልዳል።

በዕለቱ ሩሐማ በአዲስ ወደብ ሐይቅ ዳር ተሰለፈች። ሰዎቹ መሰለፍ አያውቁበትም። ይተፋፈራሉ፤ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ» እየተባባሉ ሰልፉ ወደ ኋላ የሚሄድ እስኪመስል። ከመጋረጃው የሚወጣው ሁሉ ፊቱ ሌላ ነው፤ ገላውን ታጥቦ የወጣ ይመስላል። ሁለት ቦታ ግርግር ተነሥቶ በሽማግሌ በረደ። አቶ ሽብሩ ከሩቅ፣ ባርኔጣቸውን ዐይናቸው ላይ ጥለው፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ነበር። ሩሐማ ገብታ ወረቀቱ ፊት ስትቆም፣ ስለምታስበው ነገር እርግጠኛ አለመሆኗን አየች። ውጭ የሆነ ሰው «እህም» ብሎ ሳለ። ቆየች።

ወይዘሮ አያንቱ በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ውኃው ከፍ አይልም፤ ቆሪ ባለችበት ትኖራለች።

ሩሐማ በደስታ ልትጮኽ የእያንዳንዱን ጣቢያ ውጤት ከፈተች። ቆሪ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተሳስታ እንደሆነ ብላ ደግማ አነበበች። የቆሪ ሰዎች የመረጡት ዶክተር መክብብን ነበር። ሁሉም አይደሉም፤ የሚበዙት። ከደሴታቸው ለመውጣት፣ ደረጃ ወደሌለው ቤት ለመሄድ፣ ታማሚያቸውን በጀልባ ማመላለስ ለመተው። ደሴቲቱን ያተረፏት ቆሪን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ የሌላ ሐይቅ ሰዎች ናቸው።

ቢጫውም ውሸት አልነበረም፤ ሰማያዊውም። ወይም ሁለቱም ነበሩ። እሷስ ለማን ብላ ነበር ያን ሁሉ ያደረገችው? የአክስቷን ጉልበት አሰበች፤ ወደ ማዶ የተመለከተችበትን ዐይን፣ ያን «እህ» ያለችውን።

መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ጻፈች፦ «እትዬ፣ አንቺስ?»

ላከችው።

መልእክቱ እንደደረሰ የሚያሳየው ትንሽ ክብ በራ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ መነበቡን የሚያሳየው ሁለተኛው ክብ በራ። ሩሐማ ጠበቀች። የገንዳው ቁልፍ ገና ከእሷ ጋ ነበር፤ የእትዬ ዘነበችን ጥላ ብትጠይቀው ዐይን ሳይጨፈን ይመልስላታል። ጥላ ጥያቄ አያሳድርም። ቁልፉን እጇ ውስጥ ስታገላብጥ ቆየችና በማግሥቱ ለገረመው ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወደ ቆሪ ተሻግራለች። ደረጃውን እያለከለከች ትወጣለች፤ ዓሣ ይበላሉ፤ አክስቷ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እምቦጩ፣ ስለ ጎረቤት ታወራላታለች። ስለዚያ መልእክት አንዳቸውም አንሥተው አያውቁም። ሁለቱ ትንንሽ ክቦች እንደበሩ ናቸው፤ ከሥራቸው ምንም የለም።